ፓነሉ ከተሰቀለ በኋላ የሚቀረው ሥራ

የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎችን እያቀረበና እየተከለ በሚያድግ አንድ ድርጅት ውስጥ ለ11 ዓመታት ሠርቻለሁ። የተቀጠርኩት በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ልምድ ብቻ የነበረኝ ኤሌክትሪሺያን ሆኜ ነው፤ በኋላ የተከላ ቡድን መሪ፣ ቀጥሎም የቴክኒክ ሠራተኞችን የምቀጥርና የማሠለጥን ኃላፊ ሆንኩ። በእነዚህ ዓመታት ድርጅቱ ከ9 ሠራተኞች ተነሥቶ ከ140 በላይ ደርሷል። በመካከሉ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ 46 ሰዎችን አሰናብቷል፤ የስንብቱን ዝርዝር ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው በታዳሽ ኃይል ዘርፍ ሥራ ለሚፈልጉና በዘርፉ ሰው ለሚቀጥሩ ነው። የሥራ ዕድል ተፈጠረ ሲባል ከቁጥሩ ጋር ሥራው ምን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚዘልቅ አብሮ መጠየቅ እንዳለበት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ሌሎች ቀድመው እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ።

ዘጠኝ ሰዎች ሳለን የሥራ መደብ የሚባል ነገር አልነበረንም። ጠዋት ፓነል ጭኖ የወጣው ሰው ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ማታ ደግሞ ለነገ የሚያስፈልገውን ገመድ ይለካል። ትእዛዝ ሲበዛ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ይቀጠርልናል ብዬ ስጠብቅ የድርጅቱ ባለቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ቀጠሩ። በጊዜው አልገባኝም ነበር፤ ቅሬታዬንም በግልጽ ተናግሬያለሁ። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ምን ያህል ቀን እንዳባከንን ሠራተኛዋ ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው ያየሁት። አራት ሰዎች ጣሪያ ላይ ወጥተው አንድ ፊውዝ ጎድሎ ሲመለሱ የአራት ሰው ቀን ይጠፋል። እርሷ ለእያንዳንዱ ሳይት ዕቃውን ቆጥራ በአንድ ሣጥን እያዘጋጀች፣ የጎደለውን ከመውጣታችን በፊት እየነገረችን፣ ያንኑ ቡድን በሳምንት አንድ ተጨማሪ ተከላ እንዲጨርስ አስቻለችው። በሚያድግ የኃይል አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ቀድመው የሚፈጠሩት ሥራዎች ብዙ ጊዜ ከውጭ የማይታዩት ናቸው፦ ግምጃ ቤት፣ ግዥና የገቢ ዕቃ ሰነድ፣ ማጓጓዣ፣ የክፍያ ክትትል፣ የደንበኛ ስልክ የሚቀበል ሰው። ጣሪያ ላይ መውጣት የማይሆንለት ሰው ይህን ዘርፍ ለእኔ አይደለም ብሎ ሊተወው አይገባም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅታችን እስከዚያ ድረስ ካገኛቸው ሁሉ የሚበልጥ ውል ፈረመ፤ በ10 ወር ውስጥ 200 ሕንፃዎች ላይ ፓነል መትከል ነበረብን። በስድስት ሳምንት ውስጥ 60 ሰዎች ቀጠርን። ከአመልካቾቹ አብዛኞቹ ፓነል በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ነበሩ፤ አናጢዎች፣ ብየዳ የሚሠሩ፣ ግንበኞች፣ ከትምህርት ገና የወጡ ወጣቶች። ያኔ ስጋት ነበረኝ፤ ዛሬ ግን የለኝም። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ፣ በተለምዶ አይሬና የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት ለፀሐይ ኃይል ጣቢያ ከሚያስፈልገው የሰው ኃይል ከ60 በመቶ የሚበልጠው አነስተኛ መደበኛ ሥልጠና ብቻ የሚጠይቅ መሆኑን አስፍሯል። እኔም በተግባር ያየሁት ይህንኑ ነው። ብረት ለክቶ መቁረጥ የሚያውቅ፣ ከፍታ የማይፈራና የተባለውን ሳያሳጥር የሚፈጽም ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥሩ የተከላ ረዳት ይሆናል።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መጀመሪያ የማስተምረው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኮኔክተር፣ ማለትም የፓነል ገመዶች እርስ በርስ የሚጋጠሙበትን መሰኪያ፣ ማሰር ነበር። የገመዱ ልባስ በተመደበለት ልክ ይላጣል፤ አንድም የመዳብ ክር መቆረጥ የለበትም። ክሮቹ በኮኔክተሩ የብረት ፒን ውስጥ ይገቡና ለዚያ ኮኔክተር በተሠራው መጭመቂያ ፒንሳ እስከ መጨረሻው ይጨመቃሉ እንጂ በተራ ፒንሳ አይቆነጠጡም። ከዚያ ፒኗ በፕላስቲክ ቤቷ ውስጥ ስትገፋ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰጣለች፤ ያ ድምፅ ካልተሰማ ሥራው አላለቀም። በመጨረሻም ገመዱ በእጅ ጠበቅ ተደርጎ ይሳባል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ 50 ኮኔክተር አስሮ ሳያሳየኝ መሰላል እንዲነካ አልፈቅድም ነበር። ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፓነል የሚመጣው ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ከኤሌክትሪክ መረብ የምናገኘው ተለዋዋጭ ጅረት በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ በላላ ቦታ የሚነሣው ብልጭታ ራሱን የማጥፋት ዕድል አለው፤ የቀጥተኛ ጅረት ብልጭታ ግን አንዴ ከተነሣ ያለማቋረጥ ይነድዳል። ፓነሉ ደግሞ ፀሐይ እስካለች ድረስ ማብሪያ ማጥፊያው ቢጠፋም ቮልቴጅ ማመንጨቱን አያቆምም። በችኮላ የታሰረ አንድ ኮኔክተር ከወራት በኋላ ጣሪያ ሊያቃጥል ይችላል።

ሥልጠናው መልካም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያደረግነው ግን ስሕተት ነበር። ጊዜው ሲያጥር ድርጅቱ የቡድኖቹን ክፍያ በተሰቀለው ፓነል ቁጥር አደረገው። በመጀመሪያው ወር የተከላው ፍጥነት በእጅጉ ጨመረ፤ አስተዳደሩም ተደሰተ። እኔም አልተቃወምኩም፤ ሠራተኞቹ የተሻለ ገንዘብ ማግኘታቸውን ስላየሁ ጥሩ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ፓነል መስቀል ብቻ ሲያስከፍል ገመድ አስተካክሎ ማሰር፣ ብሎን በመለኪያ ቁልፍ ማጥበቅ፣ ሲጨርሱ መለካትና ፎቶ አንሥቶ መመዝገብ ሁሉ ገንዘብ የማያስገኝ ሥራ ሆነ። ሰው ልጆቹን የሚያሳድግበትን ሥራ ያስቀድማል፤ ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም።

ፕሮጀክቱ በተባለው ጊዜ ተጠናቀቀ። የሚቀጥለው ውል ይፈረማል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ አልተፈረመም። ከስልሳዎቹ ውስጥ 14ቱን ብቻ አስቀርተን 46ቱን እንድናሰናብት ተወሰነ። ዝርዝሩን ካሳወቅን በኋላ ከቡድኖቹ አንዱ ውስጥ የገመድ ዝርጋታ ይሠራ የነበረ፣ ትጉህና ዝምተኛ የሆነ ወጣት ቢሮዬ መጣ። አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ሥራው ሊያልቅ መሆኑን እርስዎ መቼ ነው ያወቁት?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ እንደምንሰጋ ነገርኩት። «ለእኔም ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ሁለት ቦታ ማመልከቻ አስገባ ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከቤት ኪራይ ውሉ እስከ ልጁ ትምህርት ቤት ድረስ ሥራው ይቀጥላል ብሎ ያቀዳቸውን ነገሮች ነግሮኝ ወጣ። ሥራው ጊዜያዊ መሆኑ በራሱ በደል አይደለም፤ የሕንፃ ግንባታም እንዲሁ ነው። በደሉ ጊዜያዊ መሆኑን እያወቅን አለመናገራችን ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ከተከልንባቸው ሕንፃዎች የብልሽት ጥሪ መምጣት ጀመረ። አንዱ ኢንቨርተር፣ ማለትም የፓነሉን ቀጥተኛ ጅረት ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይረው መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው እያለ በየጠዋቱ ይዘጋል፤ ሌላው ጣሪያ ላይ አንድ የፓነል ረድፍ ኃይል መስጠት አቁሟል። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ሕንፃ ስንፈትሽ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ገመዱ በየት በኩል እንደሄደ የሚያሳይ ሥዕልም ሆነ ፎቶ አልነበረም። በመጨረሻ ያን ወጣት ደውዬ ጠራሁት። በዕረፍት ቀኑ መጣ፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በሦስተኛው ረድፍ ሥር የተደበቀውን መጋጠሚያ አሳየን። ሁለቱ ኮኔክተሮች የተለያየ አምራች ሥሪት ነበሩ። ሲገጣጠሙ የሚስማሙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የብረቱ ልክና የማሸጊያው ጎማ አንድ ስላልሆነ ውኃ ያስገባሉ፣ ይሞቃሉ፣ በጊዜ ብዛትም ይቀልጣሉ። የዚህኛው ፕላስቲክ ወደ ቡናማነት ተለውጦ ጫፉ መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ለምን እንደዚያ እንደተደረገ ስጠይቀው በዚያ ሳምንት ግምጃ ቤት ውስጥ ኮኔክተር አልቆ እንደነበርና የቡድኑ መሪ ከሌላ ቦታ ገዝቶ እንዳመጣ ነገረኝ፤ በዚያው ሳምንት የተሠሩ ሌሎች ሁለት ሕንፃዎችንም ጠቆመኝ። ሄደን አየናቸው፤ እንዳለው ነበር። የሙቀት ካሜራ ተከራይተን ሁሉንም ጣሪያ ብንፈትሽ ኖሮ ሳምንታት የሚወስድብንን ነገር ያሰናበትነው ሰው ከጭንቅላቱ አውጥቶ ነገረን።

ከዚያ በኋላ ለአስተዳደሩ አንድ ስሌት አዘጋጅቼ አቀረብኩ፤ ሌሎችም ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ እዚህ ላይ ዘርዘር ባደርገው እወዳለሁ። መነሻዬ መሣሪያው ራሱ ነበር። የፓነል አምራቾች ብዙውን ጊዜ የኃይል መጠኑን ለ25 ዓመት ያህል ዋስትና ይሰጡበታል፤ አቅሙም በዓመት በግማሽ በመቶ አካባቢ እየቀነሰ ይሄዳል። ኢንቨርተሩ ግን ይህን ያህል አይቆይም፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይለወጣል። ስለዚህ ተክለን የምንሄደው ነገር የሩብ ምዕተ ዓመት ሥራ ይዞ የሚቀር ነው። ለ200 ሕንፃ በዓመት ሁለት ጊዜ ምርመራ ቢደረግ 400 ጉብኝት ይሆናል። ሁለት ሰዎች ያሉት ቡድን በቀን ሁለት ሕንፃ ቢያዳርስ 200 የሥራ ቀን ያስፈልገዋል፤ ይህ የአንድ ቡድን የዓመት ሥራ ነው ማለት ይቻላል። የብልሽት ጥሪው፣ የጽዳቱና የዕቃ መለወጡ ሲጨመርበት ሦስት ቡድን፣ ማለትም ስድስት ሰው ይይዛል።

ስድስት ሰው ከስልሳ አንጻር ትንሽ ይመስላል፤ አስተዳደሩም መጀመሪያ ያለኝ ይህንኑ ነው። ሁለተኛውን ስሌት ያሳየኋቸው ያኔ ነው። ስልሳ ሰው ለ10 ወር መሥራት 600 የሰው ወር ነው፤ ይህም የአንድ ሰው የ50 ዓመት ሥራ ማለት ነው። ስድስት ሰው ለ20 ዓመት መሥራት ግን የአንድ ሰው የ120 ዓመት ሥራ ነው። ተከላው በዜና የሚነገርለት ሆኖ ሳለ ከእጥፍ የሚበልጠው ሥራ ያለው ከተከላው በኋላ ነው። አይሬና በዚያው የ2017 ጥናቱ 50 ሜጋዋት ለሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ከሚያስፈልገው ጠቅላላ የሰው ጉልበት ውስጥ 17 በመቶው ተከላና ከመረብ ጋር ማገናኘት፣ 56 በመቶው ደግሞ ሥራ ማስኬድና ጥገና መሆኑን ማስላቱ ለክርክሬ ትልቅ ድጋፍ ሆነኝ። ዘርፉ በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2012 ከነበሩት 7.3 ሚሊዮን ሥራዎች ተነሥቶ በ2023 ወደ 16.2 ሚሊዮን ደርሷል፤ ከዚህም 7.1 ሚሊዮኑ በፀሐይ ፓነል ሥራ የተያዘ ነው። እንዲህ ያለ ድምር ሲነገር ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን በውስጡ የአሥር ወሩም የሃያ ዓመቱም ሥራ አብሮ እንደተቆጠረ አውቃለሁ። የጥገና ሥራ የሚያድገው በዚህ ዓመት በተተከለው ልክ ሳይሆን እስካሁን በተተከለው ድምር ልክ ነው። ስለዚህ አዲስ ውል ባልተገኘበት ዓመት እንኳ አይቀንስም።

ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው ወዲያው አይደለም፤ ደንበኞች ለጥገና በየዓመቱ የሚከፍሉበት ውል እስኪዘጋጅ ድረስ አንድ ዓመት ገደማ ወስዷል። ገቢ የሌለው የጥገና ክፍል በማንኛውም ድርጅት ውስጥ በመጀመሪያው ችግር የሚዘጋ ክፍል ነውና ይህ ውል ወሳኝ ነበር። ከዚያም የአቀጣጠር ሥርዓታችንን ለወጥን። ለተከላ የሚቀጠር ሰው ሁሉ ሥራው የሚያበቃበት ግምታዊ ወር በውሉ ላይ እንዲጻፍለትና ለውጥ ሲኖር ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ እንዲነገረው አደረግን። ክፍያው በፓነል ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ወርኃዊ ደመወዝ ሆነ፤ ጉርሻ የሚሰጠውም ቡድኑ ከሦስት ወር በኋላ በሚደረግ ምርመራ ጉድለት ካልተገኘበት ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የመለኪያ ደብተር እንዲይዝ፣ የትኛውን ጣሪያ በየትኛው ቀን እንደለካና ምን ውጤት እንዳገኘ በራሱ እጅ እንዲጽፍ ተደረገ። በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ደግሞ ሊሰናበቱ የሚችሉት ሰዎች ከፍተሻ ቡድኑ ጋር እየተፈራረቁ ይሠራሉ፤ ሲሄዱ ፓነል መስቀል ብቻ ሳይሆን መለካትም የሚያውቁ ሆነው እንዲሄዱ ነው።

ሁሉም ነገር ተሳካ ማለቴ አይደለም። ከተሰናበቱት ሰዎች መካከል በሁለት ማኅበር ተደራጅተው ከእኛ የንዑስ ተቋራጭነት ሥራ የወሰዱ ነበሩ፤ እኔም ያበረታታኋቸው ከልቤ ነው። አንደኛው ማኅበር ዛሬም ይሠራል። ሁለተኛው ግን ፈረሰ፤ የፈረሰውም የእኛ ድርጅት ክፍያውን አራት ወር ስላዘገየበት ነው። አምስት ሰዎች ደመወዝ ሳያገኙ አራት ወር መቆየት አይችሉም። ትናንሽ ማኅበራትን በማደራጀት ሥራ እንፈጥራለን የሚል ድርጅት ሥልጠናና መሣሪያ ከመስጠቱ በፊት የተሠራ ሥራ በስንት ቀን እንደሚከፈል ይወስን።

ሴቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ደረጃ በፀሐይ ፓነል ዘርፍ ከሚሠሩት 40 በመቶ ያህሉ ሴቶች መሆናቸውን፣ በነፋስ ኃይል ግን 21 በመቶ መሆናቸውን የአይሬና ጥናቶች ያሳያሉ። በእኛም ዘንድ ሴቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ቢሮና ግምጃ ቤት ውስጥ ነበሩ። ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ ይመስለኝ ነበር። አንዲት ወጣት ለጣሪያ ሥራ ተቀጥራ በመጣች በመጀመሪያው ቀን የመውደቅ መከላከያ ቀበቶውን ለብሳ እያሳየችኝ «ይህ ቢይዘኝ እንኳ ሾልኬ እወጣለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ የገዛናቸው ቀበቶዎች ሁሉ አንድ ልክና ሰፊ ነበሩ፤ ከእርሷ በፊት የነበሩ ቀጫጭን ወንዶችም ሳይናገሩ በዚያው ሠርተዋል። ትክክለኛው ቀበቶ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ወሰደ። እስከዚያ ድረስ መሬት ላይ ሆና የመለኪያ ሥራውን እንድትማር አደረግሁ፤ በዚያው እጅግ ጎበዝ ሆነች፤ ቀበቶው ከመጣ በኋላም ጣሪያ ላይ ወጥታ ሠራች። አሁን የፍተሻ ቡድኑን የምትመራው እርሷ ናት። ሴቶችን መቅጠር ለሚፈልግ ኃላፊ የምመክረው ማስታወቂያው ላይ «ሴቶች ይበረታታሉ» ብሎ ከመጻፍ አስቀድሞ በልካቸው የሚሆን ቀበቶና ጓንት እንዲገዛ፣ በየሳይቱም መጸዳጃ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ነው።

ሥራ ፈላጊዎች ብዙ ጊዜ ምን ልማር ብለው ይጠይቁኛል። ኤሌክትሪሺያን የሆነ ሰው ትልቁ ሥራው ከተለዋዋጭ ጅረት ወደ ቀጥተኛ ጅረት መሻገር ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ፓነሉን ከኢንቨርተሩ ነቅለህ መሬት ላይ ብታስቀምጠው ቮልቴጅ አለው ወይስ የለውም? የለውም ያለኝን ሰው ወዲያው ጣሪያ ላይ አላወጣውም፤ ፓነል ብርሃን ካገኘ ቮልቴጅ አለው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ቮልቴጁ ከፍ የሚለው በሙቀት ነው ወይስ በብርድ የሚል ነው። ብዙዎች ፀሐይ በጠነከረች ቁጥር ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን ፓነሉ ሲሞቅ ቮልቴጁ ይቀንሳል፣ በብርዳማ ጠዋት ከፍ ይላል፤ ስለዚህም በአንድ ረድፍ ስንት ፓነል እንደሚያያዝ የሚወሰነው በአካባቢው ዝቅተኛ ሙቀት ተሰልቶ ነው። ይህን ያወቀ አመልካች ሌላውን ሁሉ ሊማር የሚችል ነው። መልቲሜትር የተባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ በትክክል መያዝ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል ማንበብ፣ የመንጃ ፈቃድና ስለ ሥራው አንድ ገጽ ግልጽ ሪፖርት መጻፍ መቻል ከብዙ የምስክር ወረቀት ይልቅ ቶሎ ያስቀጥራሉ። ወደ ነፋስ ኃይል መሄድ የሚፈልግ ደግሞ ብዙ ቀጣሪዎች ዓለም አቀፉ የነፋስ ድርጅት መሥፈርቱን ያወጣለትን መሠረታዊ የደኅንነት ሥልጠና እንደሚጠይቁና ሥልጠናው በየ24 ወሩ እንደሚታደስ ይወቅ፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ።

ከመፈረም በፊት ስለሚጠየቅ ነገር ካነሣን ደመወዙን ሁሉም ይጠይቃል። እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ካለፈው ፕሮጀክት ሠራተኞች ውስጥ ዛሬም እዚህ ያሉት ስንት ናቸው የሚለውን ነው። ጥሩ ቀጣሪ ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ትንሽም ቢሆን አይደብቀውም። መልሱን የሚሸሽ ኃላፊ ስለ ሥራው ዕድሜ ብዙ ነግሮሃል። ከዚያ ቀጥሎ የሥራው ማብቂያ በጽሑፍ መኖሩን፣ የመውደቅ መከላከያውን ማን እንደሚገዛና አደጋ ቢደርስ መድን መኖሩን መጠየቅ መብትህ ነው። ይህን በመጠየቁ ምክንያት ያልቀጠርኩት ሰው የለም።

ለሚቀጥሩት ደግሞ የምለው ጥቂት ነው። የቡድን መሪዎችንና የደኅንነት ኃላፊውን ከሠራተኞቹ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ቅጠሩ፤ እኛ ሁሉንም አብረን ቀጥረን መሪዎቹ ከሚመሩት ሰው ጋር እኩል ሲማሩ ከርመዋል። በአንድ ልምድ ያለው ሰው ሥር ከሁለት ጀማሪ በላይ አታድርጉ፤ ሦስተኛውን የሚያየው ዓይን አይኖርም። ግምጃ ቤቱን ከተከላ ቡድኑ ቀድማችሁ አጠናክሩ፤ ያ የቀለጠው ኮኔክተር የተወለደው ጣሪያ ላይ ሳይሆን ባዶ መደርደሪያ ላይ ነው።

የቅርቡ ፕሮጀክታችን ያለቀው ባለፉት ወራት ነው። በዚህም ጊዜ ዝርዝር ነበር፤ 14 ስም የያዘ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ዝርዝሩ ሳይወጣ ሌላ ሥራ አግኝተው ነበር፤ ለአምስቱ እስካሁን ቦታ እየፈለግንላቸው ነው። ከዘጠኙ አንዱ በመጨረሻ ቀኑ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሊወስድ የመለኪያ ደብተሩን ይዞ መጣ። ገጾቹን እየገለጥኩ ቆጠርኩ፤ 83 ጣሪያ ለክቷል፤ በሁለቱ ላይ ያገኘውን ጉድለትና እንዴት እንዳስተካከለው ጭምር ጽፏል። ቁጥሩን በደብዳቤው ላይ አስገብቼ ፈረምኩለት፤ እርሱም ሰኞ ሥራ ለሚጀምርበት ድርጅት ሊያሳየው ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።